«ኤቨንቱኤል» ማለት ምናልባት ነው ወይስ በመጨረሻ? ሥራ ያስለቀቀኝ ቃል

የሽቱትጋርቱ፦
ሰላም የመድረኩ ሰዎች። ርእሱን ያየ ቀልድ ይመስለዋል ግን እውነቴን ነው። ጀርመን ከመጣሁ አራት አመቴ ነው፣ የጀርመንኛውን ቢ አንድ (መካከለኛውን ደረጃ) ጨርሻለሁ፣ እንግሊዝኛዬም ከአገር ቤት ጀምሮ ደህና የሚባል ነው፣ ጉዱም የመጣው በሱ ነው። አንድ መጋዘን (ስሙን ተዉት) ኢንተርቪው አድርጌ ስጠብቅ ስጠብቅ ኢሜይል ላኩልኝ፣ «ኤቨንቱኤል» ብሎ ይጀምርና ከማርች አንድ ጀምሮ መግባት ትችላለህ ይላል። መዝገበ ቃላት አልከፈትኩም፣ ለምን እከፍታለሁ፣ የማውቀው ቃል ነዋ፣ እንግሊዝኛው ኢቨንቹዋሊ አይደል፣ በመጨረሻ። እንደውም ብዙ ስላስጠበቁኝ «በመጨረሻ» ማለታቸው ይቅርታ ነገር መስሎኝ ደስ አለኝ። የነበርኩበት ሥራ መልቀቂያ አስገባሁ። ከዛ ስንት ሰዓት ልምጣ ብዬ ስደውል ሴትዮዋ ዝም አለችና «ኤቨንቱኤል እኮ ነው ያልንህ» አለችኝ። ምናልባት ማለት ነው ለካ! ምናልባት ከማርች አንድ። አሁን የድሮው አለቃዬ መልቀቂያውን እንዲመልስልኝ እየለመንኩ ነው።

ጥያቄዬ ግን ሌላ ነው። ቃሉ ከላቲን ነው ይላሉ፣ ሁለቱም ከአንድ እናት ነው የወጡት። እንዴት አንድ ቃል እዚህ ምናልባት፣ ባሕሩን ስትሻገር በመጨረሻ ይሆናል? ማነው ያበላሸው?

ፒያሳ_ልጅ፦
ሃሃሃ ወንድሜ አይዞህ፣ እኛ በአንድ ቃል አድዋ ድረስ የሄድን ሰዎች ነን። ውጫሌ አንቀጽ 17፣ በአማርኛው «ይቻላቸዋል»፣ በጣልያንኛው ግዴታ። አንተ ያጣኸው መጋዘን ብቻ ነው።

ሲልቨር_ስፕሪንግ፦
ጀርመኖቹ ናቸው ያበላሹት ምን ጥያቄ አለው። ኢቨንት ማለት የሆነ ነገር ነው፣ የተፈጸመ። አዲስ አበባም እኮ ሰርጉም ኮንሰርቱም «ኢቨንት» ሆኗል። ስለዚህ ኢቨንቹዋል ሲባል የሚፈጸም፣ መሆኑ የማይቀር ማለት ነው። ምናልባትን ከየት አመጡት?

ሮማ_ተርሚኒ፦
ልጄ ጀርመኖቹ ብቻቸውን አይደሉም። እኔ ጣልያን አሮጊት ስጠብቅ ሃያ አመት ሊሞላኝ ነው፣ እዚህም «ኤቨንትዋልሜንቴ» ማለት ካስፈለገ ነው። ሐኪሙ ይመጣና ይህን ኪኒን ጧትና ማታ፣ ኤቨንትዋልሜንቴ ደግሞ ይችን ይላል፣ ይችን ማለት የሕመም ማስታገሻ ናት፣ ካመማቸው ስጫቸው ካላመማቸው ተያት ማለቱ ነው። አንዴ የሴትዮዋ ልጅ ለንደን የኖረች ናት መጥታ ወረቀቱን አይታ «በመጨረሻ ይህንን ትሰጪያታለሽ ማለት ነው አይደል» ብላኝ ኪኒኑን አዘጋጅታ ቆየችኝ። ጣልያን ሆና! እንግሊዝኛው በላይዋ ላይ ተጋድሞባት። እኔ ነኝ ኖ ኖ ሲኞራ ያልኳት። እና ልጄ አንተ አትፈር፣ ባለቤቶቹም ይሳሳቱበታል።

የሽቱትጋርቱ፦
እትዬ እግዜር ይስጥልኝ፣ ትንሽ ቀለለኝ።

ጋሽ_መዝገቡ፦
በወጣትነቴ ሴሚናሪ ስለነበርኩ ላቲን ትንሽ ቀምሻለሁ፣ አባቶቹ በግድ ነው ያስቀመሱን፣ ዛሬ ጠቀመኝ። ሥሩ «ኤዌኒሬ» ነው። «ዌኒሬ» መምጣት ነው፣ ፊቱ ላይ ያለችው «ኤ» ከውስጥ ወደ ውጭ የምትል ናት። አንድ ላይ ወጥቶ መምጣት፣ ባጭሩ መውጣት። ከሱ «ኤዌንቱስ» ይመጣል፣ የወጣው ነገር ማለት ነው። አሁን አማርኛችንን እዩት፤ ከወጣ ምን አልን? ውጤት። ቁጭ ብሎ ያው ቃል ነው እኮ! እኛ ከሮማ አልተዋስነው እነሱም ከኛ አልወሰዱት፣ ሰው ሁሉ ነገር ከውስጥ ሲወጣ እያየ ነው ቃል የሚሠራው።

ኤዌንቱስ ታዲያ ሁለት ፊት ነበረው። አንዱ የነገሩ ፍጻሜ፣ ውጤቱ። ሌላው ደግሞ ያጋጠመ ነገር፣ እድል ያመጣው። ያሁኑ ቅጽል፣ «ኤቨንቱአሊስ» የሚባለው፣ የጥንት ሮማውያን አያውቁትም፣ ኋላ የመጡ በላቲን የሚጽፉ ሰዎች ከስሙ ላይ የሠሩት ነው፣ ሕግ አዋቂዎች በተለይ ወደዱት። ፈረንሳዮቹ ጀርመኖቹ ጣልያኖቹ ስፓኞቹ ሁለተኛውን ፊት ያዙ፣ «ሊያጋጥምም ላያጋጥምም የሚችል»። እንግሊዞቹ የኋላ ኋላ በፊተኛው ጸኑ፣ «ፍጻሜው»። ያበላሸ የለም።

ቡና_ያለ_ስኳር፦
ጋሼ ይህን ሳነብ የመጣብኝ እቁብ ነው። እቁብ ላይ እጣው ይወጣል አይደል የምንለው፣ እዚያም ወጣ ነው ያለው። ዛሬ ለማን ይወጣል? ምናልባት ለኔ። ይቺ የጀርመኗ ናት። ግን እቁብ ሎተሪ አይደለም፣ ዳኛው ካልጠፋ በቀር ውሎ አድሮ ለሁሉም ይወጣል፣ ይቺ ደግሞ የእንግሊዟ። ዛሬን የሚያይ ምናልባት ይላል፣ ዙሩን የሚያይ የማታ ማታ ይላል፣ እጣው ያው እጣ ነው።

ጋሽ_መዝገቡ፦
ልጄ ተባረኪ፣ እኔ ሁለት አንቀጽ የፈጀሁበትን።

ፒያሳ_ልጅ፦
«ዳኛው ካልጠፋ በቀር» የምትለዋን ተቀምጣ የጻፈቻት ሰው የደረሰባት ነገር አለ።

ቡና_ያለ_ስኳር፦
አትቆስቁሰኝ።

የኦስሎዋ፦
እኔ ደግሞ ኖርዌይ ከገባሁ ጀምሮ ያሳቀኝን ልንገራችሁ። እዚህ ስብሰባ ሲጠራ አጀንዳው የመጨረሻ ተራ ላይ ሁልጊዜ «ኤቨንቱዌልት» የሚል አለ። የልጄ መዋእለ ሕፃናት የወላጆች ስብሰባ፣ የሕንፃው ነዋሪዎች ስብሰባ፣ ሁሉም ላይ። መጀመሪያ ሳየው እኔም እንዳንተ በእንግሊዝኛው ተሸውጄ «በመጨረሻ» ማለቱ ነው፣ ያው መጨረሻ ላይ ነው የተጻፈው ብዬ አለፍኩት፣ ልክ መሰለኝ እኮ! ለአንድ ሁለት አመት ልክ መስሎኝ ኖርኩ። ለካ «የሚነሳ ሌላ ነገር ካለ» ማለት ነው። ዴንማርክም እንደዚሁ ናቸው። እኛ የማህበራችን ቃለ ጉባኤ ላይ «ልዩ ልዩ» የምንለው ማለት ነው። እና ልዩ ልዩ ላይ ሲደረስ እዚህ ሰው ኮቱን ይለብሳል፣ እኛ ጋ ግን እንደምታውቁት ስብሰባው ገና የሚጀመረው ልዩ ልዩ ላይ ነው 😂

ሲልቨር_ስፕሪንግ፦
ኧረ እናንተ ሁላችሁም ተባብራችሁ እንግሊዝኛን ብቸኛ አደረጋችሁት። ግን ጋሼ ካሉት አንድ ያልገባኝ አለ፣ እንግሊዝኛ ከመጀመሪያውም እንደዛ ነበር ወይስ ኋላ ነው የተለወጠው?

ጋሽ_መዝገቡ፦
ኋላ ነው። አንድ ማስረጃ ራስህ ጋ አለ፣ «ኢቨንቹዋሊቲ» የሚለውን ስም አስበው። ኢንሹራንስ ስትገባ «ለማንኛውም ኢቨንቹዋሊቲ» ሲሉህ ምን ማለታቸው ነው? ሊያጋጥም ለሚችል ነገር ሁሉ። ቅጽሉ ተቀይሮ ስሙ አሮጌውን ትርጉም እንደያዘ ቀረ። የተሸጠ ቤት ውስጥ የቀረች አያት በላት።

ዙሪክ_ነኝ፦
ይህ ክር ዘግይቶ ነው የደረሰኝ እንጂ ሥራዬ እኮ ነው፣ አስተርጓሚ ነኝ፣ አብዛኛውን ጊዜ ለጥገኝነት ጠያቂዎች። እዚህ ስዊዝ ጉዳዩ ከመጋዘን ሥራ ይከብዳል። ጥገኝነት ሲከለከል ቅዱስ ጋለን ላለው ፍርድ ቤት ይግባኝ ይጻፋል፣ ጠበቃው ጥያቄዎቹን በቅደም ተከተል ያስቀምጣል፣ አንደኛ ጥገኝነት ይሰጠው ይላል፣ ቀጥሎ «ኤቨንቱአሊተር» ብሎ ጊዜያዊ ፈቃድ፣ ኤፍ የምንለው ወረቀት ይሰጠው ይላል፣ አንዳንዴ ደግሞ «ሱብኤቨንቱአሊተር» ብሎ ጉዳዩ ተመልሶ እንደገና ይታይ ይላል። ላቲኑ እንዳለ ነው ያለው፣ አልነኩትም። ትርጉሙ «ይህ ባይሆን»፣ እኛ አገር ፍርድ ቤት «በአማራጭ» የሚባለው ነው። አሁን ሰዉ ወረቀቱን በስልኩ ፎቶ ያነሳና ያስተረጉማል፣ ስልኩ ደግሞ በእንግሊዝኛ በኩል ዞሮ ይመጣና «በመጨረሻም ጊዜያዊ ፈቃድ ይሰጠው» ብሎ ያወጣለታል። አንድ ልጅ ደውሎልኝ አልቅሷል በደስታ፣ ተሰጠኝ ብሎ። ጠበቃው ገና የለመነውን ፍርድ ቤቱ የወሰነ መስሎታል። እንዴት አድርጌ እንደነገርኩት እኔ ነኝ የማውቀው። ከዛ ቀን ጀምሮ ለሰው ሁሉ የምለው ኤቨንቱ የሚል ነገር ካያችሁ ስልኩን አትመኑ ነው።

የሽቱትጋርቱ፦
እኔስ መጋዘን ነው።

ሕግ_ያቋረጥኩ፦
ዙሪክ ፍርድ ቤትን ካነሳ አይቀር እኔም ልግባ፣ ሕግ ሦስተኛ አመት ላይ ነው ያቋረጥኩት ግን ይቺን አልረሳኋትም። «ዶሉስ ኤቨንቱአሊስ» የሚባል አለ በወንጀል ሕግ። ሰውየው ልግደል ብሎ አልተነሳም ግን ድርጊቱ ሰው ሊገድል እንደሚችል ያውቃል፣ እያወቀ «ከሞተም ይሙት» ብሎ ያደርገዋል። ይህ እንደ ቸልተኝነት ሳይሆን እንደ ሆነ ብሎ መግደል ነው የሚቆጠረው። እዚህ «ኤቨንቱአሊስ» ማለት በመጨረሻ ነው ካላችሁ ምንም ትርጉም አይሰጥም፣ «ምናልባት የሚመጣውን ውጤት የተቀበለ ሐሳብ» ነው።

ኦስካር ፒስቶሪየስን አስታውሱ፣ ፍቅረኛውን ተኩሶ የገደለው ደቡብ አፍሪካዊው ሯጭ። በ2014 የመጀመሪያው ፍርድ ቤት በቸልተኝነት ነው አለ፣ በዲሴምበር 2015 ይግባኝ ሰሚው የለም፣ በር ጀርባ ሰው እንዳለ እያወቀ አራት ጥይት የተኮሰ ሰው ሊሞት እንደሚችል አይቷል አለና በዚህ በዶሉስ ኤቨንቱአሊስ ግድያ አደረገው። ጣልያን ውስጥ ደግሞ ቱሪን በዲሴምበር 2007 ብረት ፋብሪካ ተቃጥሎ ሰባት ሠራተኞች ሞቱ፣ በ2011 የመጀመሪያው ፍርድ ቤት ዋና ሥራ አስኪያጁን በ«ዶሎ ኤቨንትዋሌ» አለው፣ ማለትም እያወቀ የተቀበለው ነው፣ ከዛ በይግባኝ ወደ ቸልተኝነት ወረደ፣ ሰበር ሰሚውም በ2014 አጸናው። በአንድ ቅጽል ላይ ነው እኮ ይሄ ሁሉ አመት የተከራከሩት።

ሮማ_ተርሚኒ፦
ያንን እሳት በደንብ አስታውሰዋለሁ። ቴሌቪዥኑ ሌላ ወሬ አልነበረውም። ነፍሳቸውን ይማር።

ቡና_ያለ_ስኳር፦
@ሕግ_ያቋረጥኩ የኛ ሕግስ ይህ ነገር አለው?

ሕግ_ያቋረጥኩ፦
አለው እንጂ። በኛ አቆጣጠር የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 58 ንኡስ አንቀጽ 1 ፊደል ለ። የሚገርመው ላቲኗን አይጠቅስም፣ ፍሬ ነገሩን በአማርኛ ዘርግቶ ነው ያስቀመጠው፣ የሚያስቀጣ ውጤት ሊከተል እንደሚችል እያወቀ ይሁን ብሎ ያደረገ እንደማለት ነው፣ ቃል በቃል አይደለም የጻፍኩት። ይህ ደግሞ ከ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ የወረደ ነው፣ ያንን ያረቀቀው ዣን ግራቨን የሚባል ስዊዛዊ ፕሮፌሰር ነው፣ ፈረንሳይኛ ተናጋሪ። ስለዚህ ምናልባትዋ ኤቨንቱኤል አዲስ አበባ ከገባች ቆይታለች፣ እንግሊዝኛ ያነበበ ሰው ነው ያላወቃት። እና ጋሼ ከላይ ስለውጤት ያሉት ደስ ያለኝ ለዚህ ነው፣ እዚያም አንቀጽ ላይ ቁም ነገሯ ውጤት የምትለዋ ናት።

ዙሪክ_ነኝ፦
ግራቨን የጄኔቭ ነው፣ የኛ ሰፈር ሰው።

ፒያሳ_ልጅ፦
አሁን ጄኔቭ ከዙሪክ አንድ ሰፈር ሆነ? ባቡር ሦስት ሰዓት ገደማ ነው አይደል እንዴ።

ሲልቨር_ስፕሪንግ፦
ተመልሻለሁ፣ ሁለት ቀን ስቆፍር ነው የከረምኩት፣ ሚስቴ አብደሃል ብላኛለች። ጀርመኖቹ አበላሹ ያልኩትን አንስቻለሁ፣ ምክንያቱም ማስረጃው ያለው እዚሁ አሜሪካ ነው።

ፌብሩዋሪ 6 ቀን 1778 ፓሪስ ላይ አሜሪካና ፈረንሳይ የተፈራረሙት የጦር ቃል ኪዳን አለ፣ ቤንጃሚን ፍራንክሊን ያለበት። የውሉ ስም በፈረንሳይኛ «ኤቫንቱኤል እና የመከላከል» ቃል ኪዳን ነው የሚለው፣ የአሜሪካው ኮንግረስ ደግሞ በእንግሊዝኛ ሲጽፈው «ኢቨንቹዋል» ብሎ ነው እንዳለ የጻፈው! በመጨረሻ የሚሆን ቃል ኪዳን ማለት ነው? አይደለም። አንደኛው አንቀጽ ራሱ በ«ከ» ነው የሚጀምረው፣ በፈረንሳይና በእንግሊዝ መሀል ጦርነት ከተነሳ አንድ ላይ እንቆማለን ነው የሚለው። ከተነሳ። ካልተነሳ የለም። ልክ የሽቱትጋርቱ መጋዘን።

ይቀጥላል፣ ማርች 2 ቀን 1799 ኮንግረስ አንድ ሕግ ያወጣል፣ ለፕሬዚደንቱ (ጆን አዳምስ ነው) ሠራዊቱን እንዲያሳድግ «ኢቨንቹዋል ሥልጣን» የሚሰጥ ሕግ፣ ርእሱ ላይ ነው ቃሉ ያለው። እዚህም ጦርነት ከመጣ ብቻ የሚሠራ ሥልጣን። ጠላት ተብላ የተፈራችው ደግሞ ማን ትሁን? ፈረንሳይ 😅 በ21 አመት ውስጥ በዚያችው ቅጽል ወዳጅም ጠላትም ሆነች። ስለዚህ የዛን ጊዜ አሜሪካኖች ያንተን ኢሜይል ቢያነቡ ኖሮ አይሳሳቱም ነበር። ኋላ ነው «የማታ ማታ» የሚለው እየገፋ እየገፋ አሮጌውን ከቤት ያስወጣው። ጋሼ አያትየዋን አስቀርተዋት እንደሄዱ ያሉት ልክ ነው።

ጋሽ_መዝገቡ፦
የ1799ኙን እኔም አላውቀውም ነበር። ሚስትህን ይቅርታ ጠይቅልኝ።

ቫሌንሲያ_ብርቱካን፦
ስፔን ያላችሁ ካላችሁ፣ እዚህ «ኤቬንትዋል» ማለት ጊዜያዊ ሠራተኛ ነው። እኔ ብርቱካን ለቀማ ስገባ ኮንትራቴ ላይ ይህ ቃል ነበር፣ ፎርማኑ «አንተ ኤቬንትዋል ነህ» ሲለኝ ምናልባት ነህ ያለኝ ነው የመሰለኝ፣ ሲታሰብ ግን ምን ልዩነት አለው፣ ሥራ ሲኖር አለህ ሥራ ሲያልቅ የለህም። የሚገርመው ከደቡብ አሜሪካ የመጡት ልጆች «ኤቬንትዋልሜንቴ»ን ልክ እንደ እንግሊዝኛው በመጨረሻ ለማለት ይጠቀሙበታል፣ ከአሜሪካ የተጋባባቸው ነው፣ የስፔን ቋንቋ አካዳሚ አትበሉ ይላል፣ ማን ይሰማዋል። የስፔኖቹና እነሱ አንድ ትራክተር ላይ ቁጭ ብለው ባንድ ቃል ሲጣሉ አይቻለሁ። እና @የሽቱትጋርቱ አንተ የተሳሳትከው ስህተት እዚያ ውቅያኖስ ማዶ ቋንቋ እየሆነ ነው።

የሽቱትጋርቱ፦
ይህን ለአለቃዬ እነግረዋለሁ፣ ከዘመኔ ቀድሜ ነው እንጂ አልተሳሳትኩም እላለሁ።

ዙሪክ_ነኝ፦
ሌላ ወጥመድም አለ እዚያው ጎኗ፣ ሳልነግርህ ብቀር ቅር ይለኛል። «አክቱኤል»። እንግሊዝኛው አክቹዋል ትክክለኛው፣ እውነተኛው ነው። ጀርመንኛው፣ ፈረንሳይኛው፣ ስፓኒሹ ያሁኑ፣ የወቅቱ ማለት ነው። አድራሻህን «አክቱኤል» ሲጠይቁህ የውሸቱን ትተህ እውነተኛውን ስጠን እያሉህ አይደለም፣ አሁን የምትኖርበትን ነው። አንድ ሰውዬ «ምን፣ የሐሰት አድራሻ የሰጠሁ ይመስላችኋል?» ብሎ ሲቆጣ እኔ ነኝ መሀል የገባሁት።

የኦስሎዋ፦
እሱማ ኖርዌይኛም እንደዚያው ነው። እኔ ግን የሚገርመኝ ስለ እንግሊዝኛ ነው፣ ሁሉም ተስማምቶ እሱ ብቻ ሌላ መንገድ ይሄዳል። ፖላንዶቹ ጓደኞቼም «ኤቨንትዋልኒዬ» ይላሉ፣ ዛሬ ካልተመቸህ ኤቨንትዋልኒዬ ነገ፣ ማለት ወይም ደግሞ። ስላቭ ሆነው እንኳ!

ቡና_ያለ_ስኳር፦
እንግሊዝኛ ብቻውን አይደለም እኮ፣ እኛም አለንበት። «ድንገት» የሚለውን ተመልከቱ፣ በድንገት መጣ ስንል ሳይታሰብ ሆነ፣ ተፈጽሟል። «ድንገት ካገኘሽው ሰላም በይልኝ» ስንል ግን ምናልባት ነው፣ ላታገኚውም ትችያለሽ። ይህን ለፈረንጅ አስረዱት እስቲ።

ፒያሳ_ልጅ፦
ድንገት ካገኘሁት አስረዳዋለሁ።

ጋሽ_መዝገቡ፦
የሽቱትጋርቱ፣ ለመሆኑ መልቀቂያው ምን ሆነ? እኛ በላቲን ስንጫወት አንተን ረሳንህ።

የሽቱትጋርቱ፦
ጋሼ ስለጠየቁኝ አመሰግናለሁ። የድሮው አለቃዬ መልቀቂያውን ቀደደው፣ ቱርክ ነው፣ ሲመጣ አካባቢ እሱም በዚችው ቃል ቤት ተከራይቻለሁ ብሎ እቃውን ጭኖ ሄዶ በር ላይ ቆሞ ያውቃል፣ ሆዱን ይዞ ነው የሳቀው። መጋዘኑ ደግሞ ዛሬ ጧት ሌላ ኢሜይል ላከ። አሁን «ኤቨንቱኤል» የለበትም፣ «ፎራውስዚሽትሊሽ ከማርች አስራ አምስት» ይላል። ይቺ ከላቲን አይደለችም መሰለኝ። የሚያውቃት አለ? እስክትነግሩኝ ምንም አልፈርምም።

ዙሪክ_ነኝ፦
«እንደሚጠበቀው» ናት። ከምናልባት ትሻላለች፣ ከእርግጥ ታንሳለች። መልቀቂያ እንዳታስገባ!